ክቡር ውሃ ልክ ለሚጡ ዱባ ሲያስጀምሩ

ሳይለካ የማያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሻይ ሲቀዱለት ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ዘሞ እንደሆነ ያያል። "ትንሽ ጨው ጣል አድርግበት" ሲሉት "ትንሽ ማለት ስንት ነው?" ይላል። ሶፋ ሊገዛ ይሄድና ሶፋውን ትቶ የሱቁን በር ሲለካ ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ቢኖር ማንንም አይጎዳም። ችግሩ፣ ያገባል። አግብቶም ይወልዳል!

በእኛ ሰፈር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ባሏ የዚህ ወገን አለቃ ነው። "ነው" ያንሳቸዋል፤ "ናቸው" እንበላቸው። አሥራ አምስት ዓመት ቧንቧ ሲዘረጉ ያ ውስጡ አረፋ የሚዋልልበት ረጅም መለኪያ ከእጃቸው ተለይቶ ስለማያውቅ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው "ውሃ ልክ" የሚል ስም አወጡላቸው። "ክቡር" የሚለውን ከፊቱ የጨመረችበት ሚስታቸው ናት። መፈክራቸው አንድ ነው፦ "ግምት ቤት ያፈርሳል!"

ልጃቸው ሚጡ ከሁለት ወሯ ጀምሮ የጠባችውን መመለስ አመል አደረገችው። ትከሻ ላይ፣ ትራስ ላይ፣ ተሰፍቶና ተተኩሶ ባለቤቱን በሚጠብቅ ሱሪ ላይ። ሐኪሟ አየቻትና፣ "የሆዷ በር ገና አልጠነከረም፤ የገባው ወደ ላይ ይመለሳል። ብዙ ሕፃናት ላይ ያለ ነው፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል" አለች።

ክቡርነታቸው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። "ቫልቩ አይይዝም እያሉኝ ነው፣ ዶክተር?"

ሐኪሟ ትንሽ አሰበችና "እንደዚያም ማለት ይቻላል" አለች። ምነው ምላሷን በያዘው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚጡ ልጅ መሆኗ ቀርቶ የቧንቧ መስመር ሆነች።

ቀልዱ በስድስተኛ ወሯ ቆመ። የክሊኒኩ ሚዛን ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ አለ፤ ከወር በፊትም ስድስት ከመቶ ሃምሳ ነበረች። ሲስተሯ ካርዱን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። "ተጨማሪ ምግብ ጀምሩላት። በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት አታስተኟት። አዲስ ምግብ በሦስት ቀን አንድ ብቻ። የዛሬ ወር አምጧት። ያኔም ካልጨመረች ሆስፒታል መተኛቷ ነው፤ ምናልባት በአፍንጫዋ በቱቦ ይመግቧት ይሆናል።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቱቦ ሲቀጥሉ የኖሩት ሰውዬ "ቱቦ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ዐመድ ለበሰ።

ቤት ሲደርሱ ግን ሥራ ተጀመረ! መጀመሪያ ባለ ገበታው የሕፃን ወንበር መጣ። ውሃ ልኩ ገበታው ላይ ተጋደመ። አረፋው ወደ ግራ ሸሸ። "ሦስት ሚሊ ዘሟል" አሉ ክቡርነታቸው፣ አገር የጠፋ ያህል። አንዱ እግር ሥር ካርቶን ገባ፤ ወጣ፤ ታጥፎ ገባ። ሚጡ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ጣቷን ትጠባለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ልትበላ ነው ወይስ ፎቅ ልትሠራባት ነው?"

"ግምት ቤት ያፈርሳል!"

ቀጥሎ ዱባው። ተቀቀለ፣ ተፈጨ፣ በወንፊት ወረደ። ክቡርነታቸው ማንኪያውን አዘንብለው ቆጠሩ፦ በሁለት ቁጥር ከወረደ ቀጭን፣ በአምስት ከወረደ ወፍራም፣ በሦስት ተኩል ልክ። ልጅ ልታይ የመጣችው አማታቸው፣ የልብስ ሰፊዋ እናት፣ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና አላስቻላትም።

"እኔ ስድስት ልጅ ሳሳድግ የለካሁት በዚህ አውራ ጣቴ ነው።"

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አውራ ጣትዎ ስንት ሚሊ ነው?"

"ከጓደኞቹ ጋር አምስት ናቸው። ጉንጭህ ላይ ላስለካህ?"

ክቡርነታቸው ወደ ዱባቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያዋ ማንኪያ ግን፣ ወይ ጉድ! ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ አራተኛዋ አልከፈተችም። ከዚያ ከፈተች። ዱባው ገባ። ፊቷን አጨማደደች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ምላሷን አወጣች፣ መልሳ አስገባች፣ ዋጠች! አያት እልል አለች። ልብስ ሰፊዋ ባሏን በጡጫ መታችው። ሚጡ በጩኸቱ ደንግጣ የዋጠችውን ግማሽ መለሰችው። "ምንም አይደል!" አሉ ክቡርነታቸው፣ ላባቸው እየወረደ። "ይጠበቃል። ግማሹ አልፏል!"

ከዚያ በኋላ ቤቱ በማንኪያ ይተዳደር ጀመር። ከምግብ በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት ክቡርነታቸው ሚጡን ደረታቸው ላይ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ አፉ ድረስ የሞላ ባልዲ እንደተሸከመ ሰው ከመስኮት እስከ በር በእርጋታ ይመላለሳሉ። አንድ ቀን ከሥራ ቦታቸው ስልክ ተደወለ።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆነናል! ምድር ቤቱ ላይ ቧንቧው ፈነዳ!"

"ዋናውን ዝጉና ጠብቁ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀረኛል።"

"ምኑ ነው የሚቀርዎት?"

"ዱባው አልወረደም።"

ይህ ሁሉ ደግ ነበር። ክፉው ሐሳብ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከቁራጭ ጨርቅ አሥራ ሁለት የደረት ጨርቅ ሰፍታ ነበር። ክቡርነታቸው እያንዳንዱን በወጥ ቤት ሚዛን ደረቁን መዘኑ፤ ልጅቱ ከበላች በኋላ ደግሞ እርጥቡን። ልዩነቱ የተመለሰው ምግብ መሆኑ ነው። ደብተሩም ሦስት ረድፍ ተሰመረለት፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ የገባው ሠላሳ ግራም፣ የወጣው አርባ ሁለት ሆነ። የቀረው ከዜሮ በታች!

ክቡርነታቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። "ልጅቱ እየፈሰሰች ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ከምንሰጣት በላይ ታወጣለች። እያባባስንባት ነው። ዱባው ይቁም።"

"ምን?"

"መስመሩ እስኪጣራ ምንም አይገባም። ጡት ብቻ።"

"ሲስተሯ ካልጨመረች ትተኛለች አለች እኮ! አሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረን!"

"ቁጥሩን እይው!"

ለአንድ ቀን ተኩል ማንኪያው ደርቆ ዋለ። ሚጡ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ትከፍታለች፤ ማንም ምንም አይጨምርበትም። እናቷ ስፌቷ ላይ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከዚያ አፍ ለማሸሽ ብትሞክርም አልሆነላትም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ተነሳች። ከቅርጫቱ ሳይታጠብ የተጠራቀመውን የደረት ጨርቅ ሁሉ ዘርግፋ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ወሰደችው።

"ና ወዲህ። ስለ ቧንቧ አንተን እጠይቃለሁ፤ ስለ ጨርቅ እኔን ነው የምትጠይቀው። ዱባ ክር ውስጥ ይቀራል፤ ሲደርቅ ይቆረፍዳል። ይኸው፣ እዚች ጫፍ ላይ፣ የጥፍር ታህል። ሌላውን በጣትህ እሸው። ልስልስ ነው። ነጭ ነው። ይሄ ዱባ ነው?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ምራቅ!"

ጣቷን ሚጡ አፍ ውስጥ ከተተች። ሚጡ ነከሰቻት። ልብስ ሰፊዋ ጮኸች፤ ጩኸቱ ግን የደስታ ነበር። ከታች ድዷ ላይ ሁለት የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ጥርሶች ብቅ ብለዋል። ክቡር ውሃ ልክ፣ የአገር ሊቅ፣ አምስት ቀን ሙሉ የልጃቸውን ለሃጭ በግራም ሲመዘግቡ ከርመዋል!

"ለሃጭ" አሉ፣ ደብተራቸውን እያዩ። "ለሃጭን አላሰብኩትም።"

"አሁን አስብና ዱባውን አሙቅ!"

ደብተሩ መሳቢያ ገባ፤ ዱባው ወጣ። ሦስት ቀን ቆይቶ አጃ ተጨመረ፤ ከዚያ አቮካዶ፤ ከዚያ ስኳር ድንች። አቮካዶው ላይ ሚጡ ማንኪያውን ቀምታ አልመልስም አለች። መመለሱ ሙሉ በሙሉ አልተዋትም፤ ግን እናቷ ጨርቁን በመስኮቱ ብርሃን ታየውና "አልፏል" ትላለች። ክቡርነታቸውም ምን ያድርጉ፣ ያምናሉ። ማመን ያማቸዋል፤ ግን ያምናሉ።

ቀኑ ደረሰ። ክሊኒኩ በሕፃናት ለቅሶና በእናቶች ተሞልቷል። ሲስተሯ ሚጡን አስወልቃ ሚዛኑ ላይ አጋደመቻት። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ስታይ ቁጥሩ ገና ይዋልላል፤ ልጅቱ በእግሯ አየር ትመታለች። ባሏ ግን ከአጠገቧ የሉም። ዞር አለች። ጀርባቸውን ለሚዛኑ ሰጥተው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ወረቀት ላይ አፍጥጠዋል።

"ምን ታነባለህ? ና እይ እንጂ!"

"አንቺ እይልኝ።"

ወረቀቱ ላይ የተሳሉትን የሳሙና አረፋዎች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። እዚህ ላይ "ክቡርነታቸው" የሚለውን ማዕረግ ለጊዜው እንተወው፤ ለእሷም ከዚያ ወዲያ የታያት የፈራ ባሏ ብቻ ነው። ወር ሙሉ ካርቶን ያጣጠፈው፣ ማንኪያ ያዘነበለው፣ ለሃጭ የመዘነው፣ አንዲቷን እውነተኛ ቁጥር ቀና ብሎ ለማየት አቅም አጣ።

ሚዛኑ ረጋ።

"ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ ሰባ!" አለች ሲስተሯ። "ጎበዝ! የምን ሆስፒታል? ወደ ቤቷ!"

እሱ አልዞረም። "ምን አለች?" አለ ለግድግዳው።

"ስድስት ከስድስት መቶ ሰባ" አለችው ሚስቱ፣ ክንዱን ይዛ።

ደረጃው ላይ ደግሞ ጠየቃት። ነገረችው። መንገድ ሲሻገሩ ጠየቃት። ነገረችው። ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ፣ ሚጡ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወስዷት፣ አንገቱን አዘንብሎ "እስቲ አንዴ፣ ስንት ነበር?" አላት።

"ስድስት ከሰባት መቶ" አለች፣ ሠላሳ ግራም መርቃ።

እሱም አላረማትም።