ጓሮዬ ውስጥ የገባው ወረዳ

«እማዬ፣ ገበሬ ማለት ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ አንድ ቀን ልጄ ሐያት። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ገበሬን አላጣውም። ወሎ ያለው አባቴ ገበሬ ነበር፤ ጫማ የሚያደርገውም ለጁምዓ ብቻ ነው። አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩና ጓሮዬን አየሁ። መልሼ ዘጋሁት።

እስቲ ጓሮዬን ላሳያችሁ። ካምፓላ፣ ዋንዴገያ ሰፈር ውስጥ ሻይና ሳምቡሳ እሸጣለሁ። ከቤቴ ኋላ አራት እግር ማቶኬ አለ፤ ያ ተቀቅሎ የሚበላው አረንጓዴ ሙዝ። የተከልኩት ልብስ ሳሰጣ ከመንገደኛ ዓይን እንዲጋርደኝ ነበር። በመንግሥት ወረቀት ላይ ግን የአንድ ሙሉ ወረዳ እርሻ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የገጠር ወረዳ ማቶኬ ለሚያለማ ገበሬ መንግሥት ድጎማ ይከፍላል ተባለ። ቅጹ ላይ ታዲያ አመልካቹ ከእርሻው መሐል ቆሞ የተነሳው ፎቶ መለጠፍ አለበት። ይህን ጊዜ፣ አያቱ እዚያ ወረዳ የተቀበረ የካምፓላ ሰው ሁሉ ገበሬ ሆነ። ለአንድ ፎቶ ገጠር ድረስ ማን ይሄዳል? ከከተማ የሚያስወጣውን የጂንጃ መንገድ መጨናነቅ ያየ አይፈርድባቸውም። ጎረቤቴ ተክሌ ፎቶ ያነሳል፣ ወረቀት ያትማል። «እትዬ ዘሐራ፣ ጓሮዎን ለአንድ ደንበኛ ብቻ» አለኝ። ውሸት አይሆንም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሙዝ ሙዝ ነው፤ እኔ አነሳለሁ እንጂ አልምልም» አለ። ደንበኛው ፎቶው እስኪታተም ሻይ ጠጣ። የሚቀጥለው ሳምቡሳ ጨመረ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ በዘይት የተጠበሰ ነበር።

ተክሌ አንድ ዶማ ገዛ፤ የዋጋው ወረቀት እስካሁን እጀታው ላይ ነው። ሰዎቹ ከረባታቸውን ፈትተው ለሐያት ያስይዛሉ፣ ዶማውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይኮሳተራሉ። ገበሬ አይስቅም ያላቸው ማን እንደሆነ እንጃ። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ተረት ይመስላችኋል? ለእሷም ድጎማ ይቆረጥላታል።

ባለፈው ሳምንት ናሎንጎ መጡ። ናሎንጎ እዚህ አገር መንታ የወለደች እናት የምትከበርበት ስም ነው። ከዚያው ወረዳ በየሳምንቱ ማቶኬ የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ፀሐይ እርሻቸውን አድርቃዋለች፤ ድጎማውን አግኝተው እንደገና ካልተከሉ የሚሸጡት ቀርቶ የሚበሉት የለም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰው ግን ፎቷቸውን ከሌሎቹ ጎን አስቀምጦ፣ «የወረዳው ሙዝ ሁሉ ይህን ይመስላል፤ የእርስዎ ከየት አገር መጣ?» ብሎ መልሷቸዋል። ምዝገባው የሚዘጋው በማግሥቱ ነበር።

«ማማ ሐያት» አሉኝ፣ «ትክክለኛው ሙዝ አንቺ ጋ ነው አሉኝ።»

ተክሌ ለፎቶ ሙዞቹ መሐል አቆማቸው። መቆም ግን ከየት ይምጣ! የደረቀ ቅጠል አይተው ቀነጠሱ፤ ጎንበስ ብለው አረም ነቀሉ፤ አፈር ነክቶ የማያውቀውን ዶማ አንስተው ኮተኮቱ። «ማነው እንዲህ የተዋቸው? ከሥር የበቀሉት ልጆች እኮ እናታቸውን አነቋት!» እያሉ ተቆጡ። ፎቶው ሁሉ ደበዘዘ።

«ኧረ ናሎንጎ፣ እንደ ገበሬ ዝም ብለው ይቁሙ!» ብሎ ጮኸ ተክሌ።

ሐያት ሳቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የሰው ሐቅ በዱዓ ብቻ አይታጠብም።

እኔው ጋ አደሩ። በማግሥቱ ሱብሒ ሰግጄ ዶማውን ያዝኩ። እሳቸው እያሳዩኝ የሙዞቹን ልጆች ከነሥራቸው ነቅዬ በጆንያ አሰርኩ፤ ከደበዘዘው ፎቶ ጋር ታክሲ ላይ አሳፈርኳቸው። ጽሕፈት ቤቱ ይቀበላቸው አይቀበላቸው አላህ ያውቃል። ፎቶው ላይ ያለው ሙዝ እርሻው ላይ የሚገኘው ገበሬ ግን በወረዳው እሳቸው ብቻ ይሆናሉ። ከዚያ ተመልሼ እናት ሙዞቹን በገጀራ ጣልኳቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ባለ ከረባት መጣ። «እርሻው የት ሄደ?» አለኝ ደንግጦ።

«አገሩ ገባ» አልኩትና ልብሴን ማስጣት ጀመርኩ። አሁን መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። ይየኝ።