እርስዎ ይቅደሙ

ተረቴ ደጅ ላይ ቆማለች፤ «ትግባ» በሏት።

ድሮ፣ እንስሳት ባሕር ዳር ሲኖሩ፣ ቁንጫ ውሾችን መከራቸውን ያሳያቸው ነበር። ለቁንጫ ደግሞ ከጨው ውኃ የሚሻል መድኃኒት ጠፋ። ስለዚህ በየሳምንቱ ባሕር ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ማዕበል አንዱን ውሻ ጠርጎ ወሰደው፤ ሁለተኛ አልታየም።

እንስሳቱ ተሰበሰቡ። ብዙ ተባለ፣ ብዙ ተጨበጨበ። በመጨረሻ ውሾች ሲዋኙ ዳር ቆመው የሚጠብቁ ሦስት አዳኞች ተመረጡ፤ ጋሽ ኤሊ በዕድሜያቸው፣ አባ ግመል በቁመታቸው፣ እትዬ አህያ በድምፃቸው።

ዳልቻ የምትባል አንዲት እናት ውሻ ግን ልቧ አላረፈም። ያለቻት አንዲት ልጅ ፍንጭት ብቻ ነች።

«ልጄ ውኃ ውስጥ ብትደክም ማነው የሚገባላት?» ብላ ጠየቀች።

«ሦስት ሽማግሌ ቆመውልሽ? ይቺ ደግሞ ከወለደች ወዲህ ጭንቀታም ሆነች!» ብለው ሳቁባት።

የመዋኛው ቀን ደረሰ። ዳልቻ ፍንጭትን መጀመሪያ የጉድጓድ ውኃ አጠጣቻት። «የባሕሩን እንዳትጠጪ። ደረትሽ ጋ ሲደርስ ተመለሽ። ሰማሽ?» ብላ አሥር ጊዜ ነግራ አስገባቻት።

ፍንጭት ውኃው ደረቷ ጋ ሲደርስ አሣ አየች። አሣውን ስትከተል ውኃው ከሥሯ ሳባት። ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ።

«ኧረ ልጄን! ልጄን!» አለች ዳልቻ።

ሦስቱ አዳኞች እየተሯሯጡ ውኃው ጫፍ ደረሱ። እዚያም ቆሙ።

«ጋሽ ኤሊ፣ ይቅደሙ እንጂ» አሉ አባ ግመል አንገታቸውን ዝቅ አድርገው።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ከበረሃ የመጡ እንግዳ አይደሉ?»

«ታላቄ ቆመው እኔ ልግባ? አላደርገውም።»

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

«እንግዲያው እትዬ አህያ ይግቡ።»

«ወንዶቹ ቆመው? ሰው ምን ይለኛል!» አሉ እትዬ አህያ።

«እየሰመጠች እኮ ነው!» አለች ዳልቻ።

«ቆይ ልጄ፣ እየተነጋገርን ነው» አሏት ጋሽ ኤሊ።

አሁን የፍንጭት ጆሮ ብቻ ነው የሚታየው። ዳልቻ ራሷ ብትገባ ውኃው ሁለቱንም ይወስዳቸዋል፤ ከኋላ ዞረችና የአባ ግመልን ቋንጃ ንክስ አደረገች! አባ ግመል «ወይኔ እግሬን!» ብለው ባሕሩ ውስጥ ዘለው ገቡ። ሕመሙ እያስሮጠ ፍንጭት ጋ አደረሳቸው። እሷም ሻኛቸው ላይ ተንጠልጥላ፣ እየሳለች ወጣች።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። አባ ግመል ታላቃቸውን ቀድመው ስለገቡ ተወቀሱ። «ወድጄ አይደለም፣ ተነክሼ ነው» ብለው ስለማሉ ግን ምሕረት ተደረገላቸው። ነገሩ ሁሉ ዳልቻ ላይ ዞረ።

«ሽማግሌ መንከስ! እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ!»

ዳልቻ ወደቀች። የአባ ግመልን ቁስል ላሰችላቸው፤ ይቅርታም ጠየቀች።

«ሁለተኛ ይለምድሻል?» አሉ ጋሽ ኤሊ።

«እሱ በእናንተ ነው» አለች ፍንጭትን ሆዷ ሥር እያስገባች። «ሳምንት ልጄ እንደገና ትዋኛለች። እኔም ከኋላችሁ እቆማለሁ፤ ጥርሴንም ቤት ትቼው አልመጣም።»