ሁሉን ሰው ጆኒ የሚሉት ባሻ ብዙነህ

እግዚአብሔር ከተማ ሲያቆም መጀመሪያ ገበያውን፣ ቀጥሎ ነገረ ፈጁን፣ በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ «እንግሊዝኛማ ለእኔ ተዉት» የሚለውን ሰው ያስቀምጣል። ውሃ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ እሱ የሌለበት ግን አላየሁም። ለእኛ ለጎባዎች የደረሰን ባሻ ብዙነህ ነበሩ።

ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ናት። ሮቤ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባለፈው ሰንበት መጥታ «እማማ፣ እኛ መምህራኑ ተከራክረን ልንጣላ ነው። የአራዳ እንግሊዝኛ ለተማሪ ይጠቅማል ወይስ ያበላሸዋል?» አለችኝ። እኔን፣ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁትን! ግን መልሱ ነበረኝ። መልሱ በልጅነቴ ቁምጣ ለብሶ ሲዞር አይቼዋለሁ።

ባሻ በጠላት ጊዜ ወደ ኬንያ ተሰደው፣ እንግሊዞች ሰፈር አራት ዓመት ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው፣ ጠላት ሲወጣ ጎባ ገቡ። ባሻነቱን ማን እንደ ሾማቸው የሚያውቅ የለም። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ባደረ ማለዳ፣ ከላይ ጋቢ ከታች የወታደር ቁምጣ አድርገው ብቅ ይላሉ። ጉልበታቸው አመድ መስሎ ይንቀጠቀጣል። «ኧረ ባሻ፣ ይሸፍኑት!» ሲባሉ «እንግሊዝ ጉልበቱን አይሸፍንም!» ይላሉ። እንግሊዝ የጎባን ማለዳ ቢቀምሳት ኖሮ እስከ ጆሮው ይሸፈን ነበር።

ለእሳቸው ሰው ሁሉ ጆኒ ነው። ወረዳ ገዢውም ጆኒ፣ ቅቤ ሻጯም ጆኒ፣ እኔም ጆኒ። «ኦልራይት ጆኒ!» ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን መሪጌታ ገብረ ሥላሴን በአደባባይ «ሃሎ ኦልድ ቦይ!» አሏቸው። አሮጌው ልጅ ማለት እኮ ነው! መሪጌታ ቆሙ።

«ምን አልኸኝ አንተ?»

«አባታችን፣ ጄኔራልና ጄኔራል ሲገናኙ የሚባባሉት ነው።»

መሪጌታ ባረኳቸው። ከዚያ ወዲያ ባሻ «ኦልድ ቦይ» ሳይሏቸው ካለፉ የሚያኮርፉት መሪጌታ ሆኑ።

ባሻ መጽሐፍ የሚባል ነገር ደግሞ ይንቃሉ። መምህር ገብረ መድኅን በትምህርት ቤቱ «ይህ ብዕር ነው፣ ያ ወንበር ነው» እያሉ በእንግሊዝኛ ሲያስጮኹን ባሻ በመስኮት ብቅ ይላሉ። «ብዕር መሆኑን ማን አጣው? ዕውር ነው እንዴ የምታስተምረው?»

እንዲህ ያለ መጽሐፍ፣ በጆሮ ብቻ ቋንቋ መያዝ በእኛ ቤትም አዲስ አይደለም። አያቴ ባላምባራስ ከሸዋ መጥተው ጎባ ሲሰፍሩ ፈጥነው የያዙት ኦሮምኛ «ኮቱ» እና «ፊዲ» ነበር፤ ና፣ አምጣ። ጎረቤታችን ኦቦ ሁሴን «ባላምባራስ ቋንቋችንን ችለውታል፤ ሰላምታው ላይ ብቻ ገና አልደረሱም» ይሉ ነበር። ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያን ዘመን ሮቤ ከተማ መሆን ገና እየጀማመራት ነበር፤ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ብዙ ገብስ። ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች እዚያ ድንኳን ተክለው አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ተባለ። አባታችን ሞተዋል፤ ታላቅ ወንድሜ ደምመላሽ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ያን ሥራ ካላገኘ ከአጎታችን ጋር በበቅሎ ቡና ሊጭን ቆላ መውረዱ ነው። እናቴ ወለተ ማርያም ደግሞ ቆላ ወርዶ በወባ የቀረ ወንድም ነበራት። ስለዚህ ልጇን ጠዋት ለመምህር ገብረ መድኅን፣ ከሰዓት ለባሻ ሰጠችው።

የባሻ አስተማሪነት! ወንድሜን በርጩማ ላይ ያስቀምጡና ጀርባቸውን ሰጥተው በጥርሳቸው መሃል ያጉረመርማሉ። «ምን አልኩ?» ደምመላሽ ቃሉን ሊደግም አፉን ሲከፍት በአርጩሜ ጉልበቱን ቸብ! «አፍህን ማን ጠየቀው? በአማርኛ ፍታልኝ እንጂ!» ቋንቋ እያስተማሩ መናገር የሚከለክሉ መምህር ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም።

አንድ ማታ እናቴ የተማረውን ጠየቀችው።

«ብላዲ ፉል፤ የተረገመ ጅል ማለት ነው።»

«ሌላስ?»

«የዝንጀሮ ልጅ የሚባልም አለ።»

«ሌላስ?»

«እሱን ለአንቺ አልነግርሽም እማዬ።»

«ስድብ ነው እንዴ የሚያስተምሩህ? ስድብማ እኔ እዚሁ ቤት አስተምርህ የለም!»

ቀኑ ደረሰና ደምመላሽ የአባታችንን ኮት ለብሶ ሮቤ ሄደ። ሽማግሌው ፈረንጅ የጠየቀውን ሁሉ በመምህር ገብረ መድኅን እንግሊዝኛ፣ ቀጥ ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ደስ አለው። ይሄኔ አጠገቡ የነበረ ሌላ ወጣት ፈረንጅ ካርታው ላይ እንዳቀረቀረ፣ ፈገግ ብሎ፣ በጥርሱ መሃል አጉረመረመ፦ ይህን ብላዲ ፉል እንውሰደው፣ በል ያልነውን ሁሉ ይላል።

ደምመላሽ ኮቱን ቆለፈ። «ጌታዬ፣ እኔ ጅል አይደለሁም። እባክዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳያበላሽ። ከዚያ በእግሩ ጎባ ገባ።

እናቴ ዱላ አንሥታ ወደ ባሻ ደጅ በረረች፤ እኔም ከኋላዋ። «ልጄን እንጀራ አሳጡብኝ! በእርስዎ ስድብ ምክንያት ቆላ ሊወርድብኝ ነው! ባይሰማ ምን ነበረበት?»

ባሻ ነገሩን አንድ በአንድ አስነገሯት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እመት ወለተ ማርያም፣ እኔን እንግሊዞቹ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠሩኝ በዚያ ቃል ነበር። የሹመት ስም መስሎኝ! ‹ብላዲ ፉል!› ሲሉኝ ‹አቤት ጌታዬ!› እያልኩ እሮጣለሁ። ሲስቁ አብሬያቸው እስቃለሁ። በመጨረሻ አንድ ወጥ ቤት አዘነልኝና ፍቺውን ሁሉ ነገረኝ። ባሻነቴን ለራሴ የሾምኩት ያን ቀን ነው።» ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳቡ፤ ሲሸፍኑት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ልጅዎ አንድ ጊዜም አቤት አላለ።»

እናቴ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እሳቸው አጠገብ ተቀመጠች።

ለልጅ ልጄ ያልኳትም ይህንኑ ነው። የአራዳውንም አስተምሪያቸው፣ በጆሯቸው ግን ይሁን። አፋቸውን ለመምህር ገብረ መድኅን ተይላቸው።

በሳምንቱ ደምመላሽ የአጎታችንን በቅሎዎች እየነዳ ወደ ቆላ ለመሻገር ወደ ሳነቴ ተራራ ሽቅብ ሲወጣ በባሻ ደጅ አለፈ። እኔ ስንቁን ይዤ እየሸኘሁት ነው። ባሻ ከበርጩማቸው ተነሡ። ወረዳ ገዢውን ጆኒ ያሉት ሰው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እጅ ነሡ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ደምመላሽ?»

ደምመላሽ ቆላ ወረደ። ወባውም ያዘው፤ ደግነቱ አልገደለውም።

ባሻ ያን ዕለት ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ጆኒ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ ከጆኒነት ከፍ አላደረጉኝም። ዛሬ በጎባ መንገድ እማማ የሚለኝ ሞልቷል። ጆኒ የሚለኝ ጠፋ።