ሳንጠይቃት የምትጸልይልን ጎረቤት

በየሰፈሩ፣ ሳይለመን የሚጸልይልህ አንድ ሰው አይታጣም። ስለ ጤናህ ቢጸልይ በዝምታ ይታለፍ ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ጠባይህ ይጸልያል፤ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዝርዝሩን ሳያስቀር፣ አንተው እየሰማህ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመምህርነትና በርእሰ መምህርነት ሳገለግል ብዙ ግምገማ ተቀምጫለሁ። በግምገማ ቢያንስ እጅ አውጥቶ መልስ መስጠት ይፈቀዳል። በጎረቤቴ በወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ቤት ግን ክሱ በቀጥታ ለፈጣሪ ስለሚቀርብ ተከሳሹ የመልስ ዕድል የለውም።

ክብርት የምልጃ ሚኒስትራችን፣ ሹመቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ላሊበላ የመጣችው ከባሏ ከአቶ ወልደ ሩፋኤል ጋር ነው። እርሱ በየገጠሩ ምንጭ የሚያጎለብት የውኃ ባለሙያ ነው። ካቶሊኮች ናቸው፤ በከተማችን ከእነርሱ በቀር ሌላ ካቶሊክ አላውቅም። የራሳቸውን ቅዳሴ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ መጓዝ አለባቸው። "ቤተ ክርስቲያናችን ሩቅ ከሆነች ቤቱን ጸሎት ማስለመድ ነው" ትላለች። አስለመደችው። ዳሩ ግን የእነርሱን ቤት ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት በተፈለፈሉበት ከተማ ለምኖር ለእኔ፣ በግድግዳ የሚገባ ጸሎት ትርፍ ነበር።

ሥርዓታቸው እንዲህ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤተሰቡ መቁጠሪያውን ይዞ ይንበረከካል። አቶ ወልደ ሩፋኤል ከገጠር ዘግይቶ የገባ እንደሆነ ጭቃ የያዘ ጫማውን ሳያወልቅ ይንበረከካል። መቁጠሪያው ሲያበቃ እያንዳንዱ ልጅ በዕለቱ ካያቸው ሰዎች የአንዱን ስም አምጥቶ ይጸልይለታል። ስም ያላመጣ እራት አይቀርብለትም።

"ቀኑን ሙሉ ስትዞር ውለህ አንድ ሰው አላየህም? ታዲያ ዓይንህ ምን ይሠራል?" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዳም ቢሆን አያመልጥም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለስብሰባ ሊጠራቸው በዚያው ሰዓት ቢገባ፣ "አረፍ ይበሉ፣ ልንጨርስ ነው" ተባለ። ታላቋ ልጅ ማኅሌት፣ "ለሊቀ መንበራችን፣ ስብሰባ እንዳያበዙ" ብላ ጸለየች። ሊቀ መንበሩ "አሜን" አለ። ምን ይበል?

ከጋሸና እህል የሚያመላልሰው ሾፌር አብዱልሀሚድም የመኪናው ፍሬን በየምሽቱ ይጸለይለታል። "ዱዓ ከሆነ ከየትም ይምጣ፣ እኔ አሜን ነው የምለው" ይላል እየሳቀ። ከፍሬኑ ቀጥሎ እግሯን ያመማት ላማቸው ትነሣለች። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ እኔ፦ "የመምህር አረጋን ቁጣ አንተ አብርድላቸው።"

ሄጄ ተቃወምኩ። "ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ፣ ቁጣዬ የግል ንብረቴ ነው።"

"ስም ብቻ ነው ያነሣሁት፣ መምህር" አለች። በዚህች ቃል የማታመልጠው ክስ የለም።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ልጄ ሰውነት፣ እናቱ ካረፈች ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም የሌለው፣ የመምህራን ማሠልጠኛውን አቋርጦ የቱሪስት አስጎብኚ ሆነ። ክፉ ቃል ተለዋወጥን። "ስምህ በቤቴ አይጠራም" አልኩት፤ ወጥቶ ሄደ። አራት ዓመት ሙሉ አልጠራሁትም። ማኅሌት ግን ሒሳብ ያስጠናት እርሱ ነበርና፣ ያላየችውን ሰው ስም እንድታመጣ በልዩ ፈቃድ ተፈቅዶላት በየምሽቱ፣ "ለሰውነት፣ ከአባቱ እንዲታረቅ" ትላለች። የከለከልኩት ስም በግድግዳው አልፎ በቤቴ ይጠራል።

በ1994 መስከረም ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። "የቤቴ ገመና የጸሎት ርእስ አይደለም። ይህ ስም ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነሣ" አልኩ። "ስም ብቻ ነው" እንደምትለኝ አስቤ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም።

"እሺ፣ መምህር። እንደ ፈቃድዎ።"

ብትታዘዘኝ ጊዜ ይብሱን ተናደድኩ።

በዚያ ምሽት ወንበሬን ከግድግዳው አስጠግቼ ተቀመጥኩ፤ ለቁጥጥር ነው። ቁጣዬ ተነሣ፤ ፍሬኑ ተነሣ፤ ላሟ ተነሣች፤ አሜን ተባለ። በማግስቱም እንዲሁ። ዘጠኝ ምሽት ቆጠርኩ። ከለመዱት ጽሑፍ አንድ መስመር ሲጎድል ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ማንኛውም መምህር ያውቀዋል።

በዐሥረኛው ቀን አብዱልሀሚድ በራፌ ላይ ቆመ።

"መምህር፣ ሰውነትን ጋሸና ምግብ ቤት አገኘሁት። ፈረንጆች ይዟል። 'አባቴ ስሜን ያነሣል ወይ?' አለኝ።"

"ምን ብለህ መለስክለት?" አልኩ።

"እኔ ወላሂ መዋሸት አይሆንልኝም። 'እሳቸው እንኳ አያነሱም፤ ጎረቤቶቻቸው ግን በየምሽቱ ያነሱሃል' አልኩት። ደስ አለው። እስከ ነገ ማታ እዚያው ነው፤ ስመለስ አገኘዋለሁ።"

ይህ መረጃ ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ስሕተት ነበር፤ ስሕተት ያደረግሁትም እኔ ነኝ። በዘመኔ ሐሰተኛ ሪፖርት ወጪ አድርጌ አላውቅም።

በዚያው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳሁ። "ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ፣ በዝርዝራችሁ ውስጥ ጉድለት አለ።"

"የቱ ጋ፣ መምህር?"

"ታውቂዋለሽ።"

"እኛንማ ከልክለውናል። የከለከለው ሰው ካላመጣው ማን ያመጣዋል?" አለች። "ደንባችንን ደግሞ ያውቁታል፤ ስም ያላመጣ እራት የለውም።"

"እኔ እራቴን በቤቴ እበላለሁ።" ማኅሌት ሣቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጉልበቴ ስለማይታጠፍ በርጩማ ተሰጠኝ። መቁጠሪያው ከዳር እስከ ዳር ተደገመ። ቁጣዬ፣ ፍሬኑ፣ ላሟ ተራ በተራ ተነሡ። ከዚያም ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። አቶ ወልደ ሩፋኤል መሬት መሬቱን ያያል። ማንም አላገዘኝም።

"ሰውነት" አልኩ።

ሌላ አልጨመርኩም። ስም ብቻ ነው ያነሣሁት።

"አሜን" አሉ ሁሉም።

አብዱልሀሚድ በማግስቱ ለልጄ ይዞት የሄደው ቃል እንግዲህ የተጣራ ነው። አንድ ቅሬታ ግን ይቀረኛል። በዚያ ቤት ደንብ ዘግይቶ የመጣ ስም ከመጨረሻ ስለሚሰለፍ፣ ልጄ የሚነሣው ከላሟ በኋላ ነው። ላሟ ደግሞ ከዳነች ሦስት ወር አልፏታል። ይህ ነውር እስኪታረም ድረስ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በአካል ተገኝቼ ተቃውሞዬን አቀርባለሁ። እራቴንም እዚያው እበላለሁ።