ከሽማግሌ የተደበቀ ሹራብ

ሰው ሁሉ ሕልሙን የሚያየው ሌሊት ነው። ጋሽ ይርዳው ግን ያንን ጉደኛ ሕልም ያየው እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ጋቢውን እንደደረበ፣ ደብረ ብርሃን እቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ ሲጠብቅ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ልጁን ትርሲትን ለመጠየቅ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን አባት እንቅልፍ ይወስደዋል? ይወስደዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲበሳጭ የዋለ ሰው ይደክመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ይርዳው ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ ትከሻው በር የማያስገባው፣ ሪዙ ሕፃን የሚያስለቅስ ሰው ነው። እና ይሄ ሰውዬ ሹራብ ይሠራል። አዎ፣ በሁለት ረጃጅም መርፌ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ። ያስተማረችው ሚሌ ላይ ሻይ ቤት የነበራት ሴትዮ ናት። ጭነት እስኪገኝ ጥላ ሥር ተጋድመው ካርታ ሲጫወቱ ከሚውሉት ሾፌሮች መሃል እሱ ብቻ ተነሥቶ «እስቲ ለኔም አሳዪኝ» አላት። በዚያ በረሃ፣ ሰው ካናቴራውን አውልቆ በሚጥልበት ሙቀት፣ ሱፍ ታቅፎ መዋል እብደት ነው። እሱ ግን ወደደው፤ አለቀ።

አሁን ጡረታ ላይ ስለሆነ እጁ ሥራ አያጣም። ለሰፈሩ ዘበኛ ካልሲ ጀምሯል፤ አንደኛው እግር አልቋል፣ ሁለተኛው ተረከዙ ላይ ቆሟል። ከትርፍራፊ ክር የሚቀጣጥለው ብርድ ልብስም አለ። ከሁሉ የሚወደው ግን ቢጫውን ሹራብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲሠራ ኖሮ ይሄን አንዱን «ለራሴ ነው» ብሎ ጀመረው። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነው፤ አንድ እጅጌ ብቻ ይቀረዋል።

ጠዋት ሚስቱ አስካለ ባዶ ማዳበሪያ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ይርዳው፣ ያንን ጉድህን እዚህ ውስጥ ክተትልኝ።»

«የምን ጉድ?»

«አሁን የምን ጉድ ይለኛል! እነአቶ ጓንጉል መጥተው ሱፍ ከነመርፌው ሶፋ ላይ ተዘርግፎ ሲያዩ ምን ሊሉ ነው? አባትየው ዳንቴል ይሠራል ተብሎ ልጄ ቆማ ትቅር?»

«ዳንቴል አይደለም። ሹራብ ነው።»

«ያው ነው! ከዛሬ ጀምሮ አማት ነህ። አማት ደግሞ መርፌ ይዞ አይጎለትም። በቃ፣ ዳግመኛ እንዳላየው። ማልልኝ።»

ማለ። አይ ይርዳው! ያንን ሁሉ ገደል በአንድ እጁ ሲጠመዝዝ የኖረ ሰው «እሺ፣ ትቻለሁ፣ ትርሲትን» ብሎ በልጁ ስም ማለ። ካልሲውም ብርድ ልብሱም ማዳበሪያ ውስጥ ገቡ። ቢጫውን ግን አንጀቱ እምቢ አለውና ከነመርፌው ጋቢው ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ዘገዩ፣ ሶፋው ሞቀ፣ ዐይኑ ተከደነ።

በሕልሙ ጣርማ በር ዳገት ላይ ነው። መኪናውም አለ፤ ያለው ግን ጀርባው ላይ ነው። ያ ተሳቢ ከነጎማው ታዝሎበት፣ ሁለት ጆሮውን እንደ መሪ ጨብጦ እሱን ይነዳዋል።

«ማርሽ ቀንስ!» አለው መኪናው።

«የቱን ማርሽ?»

«እግርህን ነዋ፣ ደንቆሮ!»

ክላክሱንም አንባረቀበት። ጋሽ ይርዳው እግሩን እየጎተተ አንድ ኬላ ደረሰ። ኬላው ላይ ገመድ የወጠረው በግ ነበር፤ የለበሰው ካፖርት ከሰው ፀጉር የተሠራ ነው። ከኋላው ጎረምሶች፣ ሽማግሌዎች፣ አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅም ጭምር ተሰልፈው ይሸለታሉ። «ኧረ በሐምሌ አትላጩን፣ ብርድ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። መቀስ የያዘችው በግ «እኛ ስንል ማን ሰማን?» ትላቸዋለች።

«ምን ጭነሃል?» አለው ኬላ ጠባቂው በግ።

«እኔ ምን እጭናለሁ ጌታዬ፣ እኔ ላይ ነው የተጫነው።»

በጉ ጥቂት አመሰኳና «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ገመዱን ለቀቀለት።

ገመዱን እንዳለፈ ገበያ መሃል ገባ። የበዓል ዋዜማ ነው፤ ዶሮዎች ሰው ይገዛሉ። አንዲት ቀይ ዶሮ አንድ ወፍራም ሰውዬ እግሩን ይዛ ዘቅዝቃ ደረቱን ትዳብሳለች።

«ይሄ ሥጋ መቼ አለው? ልብሱ ነው እንዲህ ያወፈረው።»

«እመቤት፣ የሀበሻ ነው እኮ፣ የፈረንጅ አይደለም!» አለ ነጋዴው ዶሮ። «ወጡን ሲቀምሱ ነው የሚያመሰግኑኝ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ። ሽማግሌ ነው፤ ቶሎ አይበስልም።»

ሰውዬው ተዘቅዝቆ እንደተያዘ በዚህ ንግግር በጣም ተከፋ። ጋሽ ይርዳው ሊያጽናናው ፈልጎ ነበር፣ መኪናው ግን ጆሮውን ጎትቶ ወደ ቀበሌው አዞረው።

ቀበሌው ደጅ ሠራተኞቹ በሙሉ ማኅተማቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ውስጥ ወንበሩ ላይ አንዲት ባለጉዳይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«እባክሽ እናቴ፣ አንዲት ማመልከቻ ስጪን» ይላል ሊቀመንበሩ። «ሳንፈርም ስንት ቀናችን!»

«ነገ ኑ» ትላለች።

«ትናንትም ነገ ነበር ያልሽን።»

«ታዲያ ነገ ኑ አልኩ እንጂ ዛሬ ኑ አልኩ?»

ከቀበሌው ወዲያ ያለው ጎዳና ግን ጋሽ ይርዳውን አፉን አስከፈተው። በየበረንዳው ወንዶች ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ! ትራፊክ ፖሊሱ መንገድ መሃል ቆሞ ኮፍያ እየሠራ ነው፤ መኪናው ሁሉ መስመሩን እስኪጨርስለት በትዕግሥት ይጠብቃል። ዳኛው ችሎት ላይ ካባውን እየሠራ ይፈርዳል። እናቶች በር ላይ ቆመው «የኔ ልጅ ካልሲ በአምስት መርፌ ነው የሚሠራው!» «የኔማ ተረከዙን ሳያይ ያዞረዋል!» እያሉ ይኩራራሉ። ጋሽ ይርዳው ደረቱ አበጠ።

«እሰይ! አገሬ ገባሁ!» አለ።

አፉን ሳይከድን አስካለ እየሮጠች መጣች። የቆዳ ጃኬት ለብሳለች፣ እጇ ግራሶ ነው፣ የሱን ሪዝ አውጥታለች።

«ይርዳው! ሽማግሌ እየመጣ ነው! መኪናህን ደብቅልኝ!»

«መኪናዬን? ለምን ሲባል?»

«አታፍርም እንዴ? ወንድ ልጅ መሪ ጨብጦ ታየ ተብሎ ልጄ ቆማ ትቅር? መንዳት የሴት ሥራ ነው። ዳግመኛ አልነዳም ብለህ ማልልኝ።»

«አንቺ፣ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላነው በሱ ነው!»

«ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።»

ማለ። በሕልሙም ማለ! እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሰውዬው መሐላ ለምዶበታል። መኪናውን ከጀርባው አውርዶ፣ እቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጋቢው ሥር ከተተው። ጋቢና ብቻ ነው የገባው፤ ተሳቢው በበር ወጥቶ እስከ አደባባዩ ተዘረጋ፣ የሰፈር ልጆችም ወጥተውበት መንሸራተት ጀመሩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ፍየሎች ናቸው። ጺማቸው የተበጠረ፣ ከዘራ የያዙ፣ በኋላ እግራቸው የሚራመዱ የተከበሩ ፍየሎች። ገብተው ጤና ይስጥልን አሉና ቀጥ ብለው ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ትልቁ ፍየል አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«የምን ናፍጣ ነው የሚሸተኝ?»

«ከጎረቤት ነው አባቴ» አለች አስካለ።

ጋቢው ሥር መኪናው አስነጠሰ። ፍየሎቹ ተያዩ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ትልቁ።

ጋሽ ይርዳው አፉን ከፈተ። በሚወዱት ነገር ሰው ፊት ማፈር እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

«የኔ አይደለም» አለ።

መኪናው ሰማው። ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ያንን ዳገት ሁሉ አብሮት የወጣ መኪና ነው።

«ባለቤት ከሌለውማ እንብላው» አሉ ፍየሎቹ። መብራቱን በሉት፣ ስፖኪዮውን በሉት፣ ጎማውን እንደ ጎመን ቆረጣጥመው በሉት። ከዚያ ትልቁ ፍየል ጋቢውን በቀንዱ ገለጠና ቢጫውን ሹራብ ጎትቶ አወጣ።

«ይሄስ የማን ነው?»

አስካለ በዐይኗ ጠቀሰችው። «እሱም... የኔ አይደለም» አለ ጋሽ ይርዳው፤ ድምፁ አልወጣም ማለት ይቀላል።

ፍየሉ ያለቀውን እጅጌ ከጫፉ ጀምሮ ማኘክ ያዘ። አንድ ጊዜ ሲጎርስ የጋሽ ይርዳው መዳፍ ጠፋ። ሁለተኛ ሲጎርስ ክንዱ ጠፋ። እስከ ትከሻው ተበላ። ቁስሉ አያምም፣ ያመመው ሌላ ነው።

«ክሩ ጥሩ ነው» አለ ፍየሉ እያመነዠከ። «ሥራው ግን የሴት ነው።»

ያን ጊዜ የጋሽ ይርዳው ደም አናቱ ላይ ወጣ። ከሶፋው ተነሣ፣ አንድ እጅ ባይኖረውም ደረቱን ነፋ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

«ትፋ! ትፋ ነው የምልህ! የኔ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት! መኪናውም የኔ ነው፣ ሹራቡም የኔ ነው! ሹራብ እሠራለሁ! ካልሲም እሠራለሁ! ብርድ ልብስም እሠራለሁ! የፈለገ ይስማ፣ ያፈረ ይፈር!»

በራሱ ጩኸት ነቃ።

ሳሎኑ መሃል ቆሟል። ፊት ለፊቱ አራት ሽማግሌዎች፣ እውነተኞቹ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዐይናቸውን አፍጥጠው ቆመዋል። አስካለ በሩ ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ይርዳው፣ እኛ ልንጠይቅ የመጣነው ልጅዎን ነው» አሉ።

ከጓዳ የትርሲት ሳቅ አመለጠ።

«ትኩሳት ነው!» አለች አስካለ ዘላ ገብታ። «ከትናንት ጀምሮ ሲያቃዠው ነው ያደረው። ምን ሹራብ ያውቃል እሱ! አይደል ይርዳው? አሞህ ነው አይደል?»

ዐይኗ ይለምነዋል። ራሱን ነቅንቆ ትንሽ ቢስል ነገሩ ተሸፋፍኖ ያልፋል፤ ሽማግሌዎቹም እግዜር ይማርህ ይሉታል። ጋሽ ይርዳው እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ አገላብጦ አያቸው። ሁለቱም አሉ።

«ትኩሳት የለብኝም» አለ። «አስካልዬ፣ የማልኩልሽን አፍርሻለሁ። ኩነኔው በኔ ይሁን።»

ጋቢውን ገለጠና ቢጫውን ሹራብ ከነመርፌው አወጣ። የክሩ ድብልብል ወድቆ እየተንከባለለ አቶ ጓንጉል ጫማ ሥር ሄዶ ቆመ። ጋሽ ይርዳው ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቁጭ በሉ እንጂ አባቶቼ።»

«ምላሽ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ አቶ ጓንጉል ቆጣ ብለው። እውነታቸውን ነው፤ የሽማግሌ ወግ ነው።

«ምላሹን ይቺን እጅጌ ስጨርስ እሰጣችኋለሁ» አለ ጋሽ ይርዳው፣ መርፌዎቹን አጋጥሞ መሥራት ጀመረ።

አንደኛው ሽማግሌ ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኝ አዛወረ። አቶ ጓንጉል መጀመሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አዩ፣ በመጨረሻ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሹራቡን አዩ።

«ብዙ ይቀረዋል?»

«ገና ክርኑ ጋ አልደረስኩም።»