የዐብዲጀባር ነጭ ውኃ

ደጁን ከሚመታው ዝናብ ይልቅ ስለ ዝናቡ የሚያወራውን መሣሪያ የሚያምን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። በጅጅጋው የጎርፍ ጥንቃቄ ቢሮ ይህ መዓርግ የክቡር አቶ ዐብዲጀባር ነበር። ጸሐፊዋ ንጋቷ በልቧ «የሰማይ ምስለኔ» ትላቸዋለች።

የራዳር ሳተላይት ምስል በኢንተርኔት መምጣት ከጀመረ ወዲህ ክቡርነታቸው መስኮት ከፍተው አያውቁም። ንጋቷ በስብሳ ስትገባ እንኳ ኮምፒውተራቸውን ሳያዩ መዝነቡን አያምኗትም።

«ራዳርን ደመና አያግደውም! የተኛ ውኃ ጠቁሮ ይወጣል!» እያሉ ሹማምንትን ያስተምራሉ። አንድ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ጠቁሮ ቢያገኙት «ተጥለቅልቋል» ብለው አስነገሩ። ጀልባ ተይዞ ሲኬድ ደረቅ አስፋልት ሆኖ ተገኘ፤ ለካ ልሙጥ ነገር ሁሉ በራዳር ይጠቁራል። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ሱጉሌ አስፋልት በወጣ ቁጥር «ክቡር ሆይ፣ ልንዳ ወይስ ልዋኝ?» ይላቸዋል።

በ2008 ዓ.ም. በልግ፣ ከከባድ ዝናብ ማግስት፣ ምስሉን አይተው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሱጉሌ! እኅትህ ሂቦ ከብቶቹን የት አሰማራች?»

«ረግረጉ ዳር። ዛሬ ወደ ረጅሙ ሣር ታስገባቸዋለች።»

«እንዳታስገባ! ሣሩ በምስሉ ነጥቷል፤ ሥሩ ውኃ ነው።»

«ውኃ ጥቁር ነው ያሉን እርስዎ!»

«ሜዳ ላይ ሲተኛ ነው ጥቁር። ሣር መካከል ሲቆም የራዳሩ ጨረር ከውኃው ወደ አገዳው፣ ካገዳው ወደ ሰማይ ነጥሮ ያበራል። ወላሂ!»

ከብቶቹ የሱጉሌ እናት ያላት ሀብት ሁሉ ናቸው። ደወለላት። «ወላል፣ ወንድሜ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ያሰጠመው ሰውዬ ነው?» አለች ሂቦ፤ ዘጋችበት።

መኪና አስነሡ። ንጋቷ ለመሳቅ ስትል ተከተለች። ሲደርሱ ሂቦ በትሯን አንሥታ ከብቶቹን ወደ ሣሩ እየነዳች ነው። ክቡርነታቸው አልተከራከሩም። በተወለወለ ጫማቸው ከብቶቹን ቀድመው ሣሩ ውስጥ ገቡ፣ ጥቂት ተራመዱ፣ እስከ ወገባቸው ሰመጡ።

«ምን አልኩ!» አሉ በደስታ።

ሂቦ እየጮኸች ከብቶቹን መለሰች። ሱጉሌ የመኪና መጎተቻ ገመድ ወረወረላቸው። ሲጎተቱም «ቀስ! ጥልቀቱን ልለካ!» ይሉ ነበር።

ጉንፋን ይዟቸው ቤት ዋሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ካራማራ ተራራ ላይ ደመና ከበደ፤ ቢሮው ጭር አለ፤ ንጋቷ የምትስቅበት ሰው አጣች። ዣንጥላዋን ይዛ በተከፈተው መስኮት ደመናውን አየችና ደወለችላቸው።

«ጋሼ ዐብዲጀባር፣ ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

«ሳተላይቱ የሚያልፈው ሐሙስ ነው፤» አሉ በታፈነ ድምፅ፤ «እስከዚያ ምንም ማለት አልችልም።»

ንጋቷ መስኮቱን ዘጋችና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።