ሁለት ሺህ ዶላር በሦስት ፕሮፎርማ

ቁጠባ ታላቅ ነገር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ባሕር ማዶ ሊሄድ ሲነሳ ገንዘቡን ይዞ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ባንክ ገብቶ ይመነዝራል። ያሳዝናል። የእኛ የውኃ መሥሪያ ቤት ከዚህ ዓይነቱ መዝረክረክ ራሱን የጠበቀ በመሆኑ፣ ሁለት ሺህ ዶላር በሃያ ቀን ውስጥ እንዴት በቁጠባ እንደገዛ ለመጪው ትውልድ በጽሑፍ ሊተላለፍ ይገባዋል።

ነገሩ የተጀመረው የከተማዋ ዋና ፓምፕ ቀጥ ባለ በአራተኛው ወር ነው። የተሰበረችው መዳፍ የምታክል የነሐስ ቀለበት ናት። አቻዋ ያለችው ባሕር ማዶ፣ ፓምፑን የሠራው ፋብሪካ ዘንድ ብቻ ነው። ፋብሪካው "አንድ ሰው ላኩልን፤ ዐሥር ቀን አሠልጥነን፣ ቀለበቷንም እጅ በእጅ ሸጠንለት እንመልሰዋለን" ብሎ ጻፈ። የአውሮፕላን ቲኬቱንም እሱ ቻለ። ከእኛ የሚጠበቀው ለቀለበቷ፣ ለመኝታና ለምግብ የሚሆን ሁለት ሺህ ዶላር ብቻ ነበር።

እንድትሄድ የተመረጠችው የፓምፕ ቴክኒሺያናችን ናት። ምርጫው ፉክክር አልነበረበትም፤ ፓምፑ የት እንደሚገኝ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ በወረደች ቁጥር ጎረቤቶቿ "ደረቋ መጣች!" ይሏታል። አንዷማ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አምጥታ ደጃፏ ላይ ደፍታላት፣ "አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ ዘንድ ሥራ ፈትቷል" ብላት ሄዳለች። ስለዚህ ለሴትዮዋ ጉዞው የሽርሽር ጉዳይ አልነበረም። በቤቷ ደረጃ ላይ ቀና ብላ የመውጣት ጉዳይ ነበር።

"በረራዬ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ነው" አለች ሥራ አስኪያጁን። "ደብዳቤውን ዛሬ ቢፈርሙልኝ፣ ባንኩ ፊት ለፊታችን ነው፤ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ መንዝሬ እመለሳለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ባንኩን በመስኮት አዩት። እውነትም ፊት ለፊት ነው። የዕለቱ ዋጋ በሩ ላይ በቀይ መብራት ያበራል።

"ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል" አሉ። "ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሌላ ቦታ በአንድ ዶላር ሰባት ሳንቲም የሚቀንስ ቢገኝስ?"

"ሰባት ሳንቲም በሁለት ሺህ መቶ አርባ ነው ጌታዬ። ለፎቶ ኮፒ እንኳ አይበቃንም።"

ሥራ አስኪያጁ በሐዘን ወደ ግዢ ኃላፊው ዞሩ። "አየሃት? መቶ አርባን ስትንቅ?"

ግዢ ኃላፊው አየ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድም ነገር በመጀመሪያው ዋጋ ገዝቶ አያውቅም፤ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ከሦስት ሐኪም ዋጋ ሳያስመጣ አያስልም እየተባለ ይታማል።

"ዶላሩ ይገዛል አይደል?" ብሎ ጠየቀ።

"ይገዛል" አለች።

"ግዢ ነዋ! ግዢ ከሆነ ሦስት ፕሮፎርማ፣ በታሸገ ኤንቨሎፕ። መመሪያው ዶላርና መጥረጊያ አይለይም።"

እንግዲህ የቆጣቢ ምንዛሪ ኮሚቴ በዚህ ሁኔታ ተወለደ። ግዢ ኃላፊው በማግስቱ ባንኩንና ሁለት የምንዛሪ ሱቆችን ዞረ። የባንኳ ገንዘብ ከፋይ ጥያቄው አልገባትም።

"ጋሼ፣ ዋጋው በሩ ላይ ተጽፏል እኮ!"

"የተጻፈው አልታሸገም።"

"መብራቱን ነቅዬ ኤንቨሎፕ ውስጥ ልክተትልዎት?"

"ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ማኅተም ምቺበት፣ አሽጊው።"

ልጅቷ ጻፈች። ከሥሩም በትልልቁ "ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለዛሬ ብቻ ነው" ብላ አከለችበት። ኮሚቴው ኤንቨሎፖቹን በሦስተኛው ቀን በሥነ ሥርዓት ከፈተ። ከግርጌ ያለችውን መስመር ማንም አላነበባትም፤ ከግርጌ የሚጻፍ ነገር ክብደት ቢኖረው ኖሮ ከላይ ይጻፍ ነበር። በሰባት ሳንቲም የቀነሰው የምንዛሪ ሱቅ አሸናፊ ተባለ፣ ቃለ ጉባኤ ተተየበ፣ ተፈረመ፣ የፊደል ስሕተት ተገኘበት፣ እንደገና ተፈረመ።

ግዢ ኃላፊው ዐርብ ዕለት ሱቁ ሲደርስ መንዛሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሰኞ ዋጋ ነው።"

"ያሸነፍከው በሱ ነው።"

"ማሸነፌንም አሁን ከአንተ መስማቴ ነው። ዶላሩ አርባ ሳንቲም ጨምሯል።"

ኮሚቴው ይህን "ውል ማፍረስ" ብሎ መዘገበው። መንዛሪው ለሁለት ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ጨረታ እንዳይሳተፍ የታገደበት ደብዳቤም ደረሰው። ሰውየው ደብዳቤውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ደንበኛ ሳበበት ይባላል።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ትምህርት የተወሰደበት ነበር። ተጫራቾች ከዋጋው ጋር ናሙና እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አንዱን የመቶ ዶላር ኖት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዙት፣ አሹት፣ አሸተቱት።

"ጥራቱ መጥፎ አይደለም" አሉ። "ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ነው ያመጡት። ምርጫ የላቸውም እንዴ?"

ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች ናሙናው መሐሉ ላይ የታጠፈ ሆኖ ስለተገኘ በጥራት ወደቀ። የቀሩት ዋጋዎች እስኪተየቡ ድረስ እንደ ልማዳቸው አረጁ። ሦስተኛው ዙር ተከፈተ። ቴክኒሺያኗ በየጠዋቱ ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የባንኩን ቀይ መብራት ነበር። ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም። አንድ ቀን አላስችል ብሏት የስብሰባውን በር ከፈተች።

"አባቶቼ፣ በሰው አምላክ! ሰባት ሳንቲም እናተርፋለን ስንል ዶላሩ ሁለት ብር ጨመረ እኮ!"

"ለዚህ ነው መጠንቀቅ ያለብን" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "እንዲህ በሚጨምር ገበያ ተጣድፎ የሚገዛ ሞኝ ነው።"

ለኮሚቴው ሻይና ብስኩት የወጣውን እዚህ ማንሳት ነውር ነው፤ በባዶ ሆዱ የሚቆጥብ የለም።

በሃያኛው ቀን፣ ከጨረታው ሕይወቷ ተርፎ አሸናፊ የሆነችው ፊት ለፊት ያለችው ባንክ ነበረች። ገንዘቡ በእግር መንገድ ቢሻገር ኢንሹራንስ ስለማይሸፍነው ግዢ ኃላፊው በመኪና ሄደ። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ዞሮ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሃያ ባለ መቶ ኖቶች ይዞ ሲመለስ በደረጃው ላይ ተጨበጨበለት።

ቴክኒሺያኗ እጇን ዘረጋች። ዶላሮቹ ግን በአጠገቧ አልፈው ንብረት ክፍል ገቡ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በመሥሪያ ቤቱ "እትዬ ማኅተም" በመባል ይታወቃሉ። በግቢው ውስጥ ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር ቢኖር የእሳቸው ጥላ ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እኮ ነው የምበረው። ይስጡኝና ልሂድ።"

"የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ገቢ ይሆናል። ገቢ ያልሆነ ወጪ አይሆንም።"

"እሺ፣ ገቢ ያድርጉት።"

"እያደረግሁ ነው" አሉና ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። ሃ ብለው ተነፈሱበት።

"እትዬ! ወንበር እኮ አይደለም!"

"ወንበርማ ቢሆን ከሥሩ ነበር የምመታው። ይሄ ሥር የለው።" ጧ!

"ኧረ ሰውየው ፊት ላይ ነው ያሳረፉት!"

"ምን አለ ታዲያ? እሱ እንደሁ ዝም ብሏል።" ጧ!

"እዚያ ማዶ ባይቀበሉኝስ?"

እትዬ ማኅተም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በትዝብት አዩዋት። "የመሥሪያ ቤታችንን ማኅተም? እዚህ እኮ ያለሱ መርፌ አያልፍም!"

ሃያውም ኖቶች ወይን ጠጅ ማኅተም ተመታባቸው፣ በማርከርም ከ01 እስከ 20 ቋሚ የንብረት ቁጥር ወጣላቸው። ላስለውጥ እንዳትል ባንኩ ተዘግቶ ነበር። ሴትዮዋ ፈርማ ተረከበች፤ በረረች።

ባሕር ማዶ፣ የመጀመሪያው የምንዛሪ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ኖቱን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማኅተም።"

"ለምን ተመታ?"

"እንዳይጠፋ።"

"አይጠፋም" አለች ሠራተኛዋ ወደ እሷ እየገፋችው። "ማንም አይወስድብሽም።"

ስድስት ቦታ ሞከረች። አንዱ ፖሊስ ሊጠራ ነበር፤ ሌላው ለመታሰቢያ የሚሆን ፎቶ ብቻ አነሳና መለሰላት። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው አሠልጣኝ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ ለምን ምሳ እንደማትበላ ጠየቃት። ኖቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከፕሮፎርማው ጀምራ ነገረችው። ሰውየው መነጽሩ እስኪወልቅ ሳቀ፣ ቀጥሎ አላሳቀውም። የምሳ ኩፖኖቹን ለእሷ ሰጣት፣ በፋብሪካው የእንግዳ ቤትም አልጋ ለመነላት። በመጨረሻው ቀን ለማስተማሪያ ከተፈታው ፓምፕ ላይ የነሐስ ቀለበቷን አውልቆ መዳፏ ላይ አኖረላት። ደረሰኝ አልጻፈም። እሱ ባደገበት ሀገር ሰው ያለ ደረሰኝ ደግ መሆን ይችላል መሰለኝ።

ተመልሳ ስትመጣ ዶላሮቹን ለንብረት ክፍል አስረከበች። እትዬ ማኅተም አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩ፤ ከ01 እስከ 20፣ ጉድለት የለም። ዜናው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ ዐሥር ቀን ሰንብቶ፣ ሳንቲም ሳይጎድልበት የተመለሰ የውጭ ምንዛሪ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ታይቶ አያውቅም። ቁጠባው መቶ በመቶ ነው። ለግዢ ኃላፊው የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ታዘዘ።

"ይቺስ?" አለች ቴክኒሺያኗ ቀለበቷን ለእትዬ ማኅተም እያሳየች።

"ደረሰኟ?"

"ስጦታ ናት።"

"ስጦታ ከሆነች የስጦታ ኮሚቴ ያስፈልጋታል። እሱ ደግሞ አልተቋቋመም።"

"እትዬ፣ ከተማው በጥም አለቀ እኮ!"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ እኔስ መች ታጠብሁ? ግን ደረሰኝ ከሌላት የለችም።"

ቴክኒሺያኗ መዳፏን አየች። "የለችም?"

"የለችም።"

"ታዲያ የሌለች ነገር ይዤ በበሩ ብወጣ፣ የሚጠይቀኝ አለ?"

እትዬ ማኅተም መመሪያውን ገለጡ፣ አሰቡ። "ይኸማ... የለም።"

የምስክር ወረቀቱ ሥነ ሥርዓት በማግስቱ ጠዋት በአዳራሹ ተካሄደ። ግዢ ኃላፊው "ቁጠባ ማለት ክቡራንና ክቡራት" ከማለቱ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ አሳለ። ከዚያ አጓራ። አራት ወር ክፍት የተረሳ የሦስት ፎቅ ቧንቧ ሁሉ አንድ ላይ ፈነዳ፤ ውኃው በደረጃው ተንደርድሮ ወረደና የክብር እንግዶቹን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አጠበ። ከውጭ የሰፈሩ እልልታ ይሰማል። ጎረቤቶቿ በዚያ ቀን ቴክኒሺያኗን ምን ብለው እንደጠሯት በመዝገብ ስላልገባ አናውቅም።

ችግሩ የመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። ለደንበኞች የውኃ ሒሳብ ሊላክ ሲል ኦዲተሩ መዝገቡን ገለጠ። ፓምፑ "ብልሽት ላይ" ይላል። የተገዛ ቀለበት የለም፣ የተጠገነ ፓምፕ የለም፤ ካልተጠገነ ፓምፕ ለመጣ ውኃ ደግሞ ሒሳብ አይጠየቅም። የከተማው ሕዝብ ወሩን በሙሉ በነጻ ጠጣ፣ ታጠበ፣ ምንጣፉን ሳይቀር አጠበ። ሁለተኛውም ወር ደገመ።

በሦስተኛው ወር የደመወዝ መክፈያ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፓምፕ ቤቱ በእግራቸው ወረዱ። ቴክኒሺያኗ የሚሽከረከረውን ፓምፕ ዘይት እያጠጣች ነበር።

"ልጄ" አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "አንዲት መስመር ብቻ ጻፊልን። ቀለበቷን እኔ አስገብቻለሁ ብለሽ ፈርሚና ሒሳባችንን እንሰብስብ።"

ሴትዮዋ እጇን በጨርቅ ጠራረገች፤ በአክብሮትም ቀና ብላ አየቻቸው።

"የትኛዋን ቀለበት፣ ጌታዬ?"